ጸጥ ያለው ጋቢና

ማንሴክ አዲሱን ከባድ መኪናውን እየነዳ ወደ ዳልሱ ጋራዥ ሲገባ፣ ሽማግሌው መጀመሪያ ያየው መኪናውን ሳይሆን ፈገግታውን ነው። ያን ፈገግታ አሳምሮ ያውቀዋል። መሪ አያያዝ ያስተማረው፣ ከአንድ ሳህን ያበላው ልጅ ፈገግታ ነው። አሳልፎ የሸጠው ሰው ፈገግታም ያው ነው።

«ጋሼ ዳልሱ! እንደምን ከረሙ?» አለ ማንሴክ፣ ወደ ግራ ጆሮው ተጠግቶ እየጮኸ። የቀኙ እንደሞተ ያውቃላ! ከማንም ቀድሞ ያወቀው እሱ አይደል?

ዳልሱ ዕድሜውን ሙሉ ከኮሪያው ቡሳን ወደብ ኮንቴይነር እየጫነ አገር ላገር ሲመላለስ፣ ከመቀመጫው ሥር የሚያጓራው ሞተርና የጎማው ጩኸት ጆሮውን ቀስ በቀስ በላው። ምስጢሩን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለማንሴክ። ማንሴክስ ምን አደረገ? ሹልክ ብሎ ሄዶ ለድርጅቱ ኃላፊ አቃጠረ፤ ዳልሱ ከመንገድ ወርዶ ይህን ጋቢና የሚያለብስበትን ጋራዥ ሲከፍት ደግሞ የጭነት መስመሩን ወረሰ። ኃላፊው ራሱ ነው አፉ ያመለጠው። «እንደ ልጅህ የምታየው ማንሴክ እንኳ ሰግቶልሃል» አለ። ማንሴክ ግን በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት ደረቱን እየደቃ ካደ። «እናቴ ትሙት!» አለ። አመኑት። ዳልሱን «ሽማግሌው ጆሮው ሲሄድ ልቡም አብሮ ሄደ» ብለው ሳቁበት።

ጆሮው መድከሙ እውነት ነው፤ ዳልሱም አልካደም። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ፊት ለፊት መጥቶ «ጋሼ፣ ይብቃዎት» ቢለው ኖሮ ቁልፉን በገዛ እጁ ያስረክብ ነበር። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንሴክ በእነዚያው ሾፌሮች ፊት «እኔ ነኝ» እንዲል። ሌላ ካሳ አይፈልግም።

«ምን ልታዘዝ?» አለው።

«ጋቢናውን ጸጥ ያድርጉልኝ። በዚህ ሥራ እርስዎን የሚያህል የለም ይላሉ። መቼስ እኔ ጆሮዬን ልጠብቅ እንጂ!»

ወይ ድፍረት! እዚያው በመፍቻ አናቱን ቢለው ማን ይፈርድበት ነበር? ዳልሱ ግን ሳቀ። «ተወው እዚህ» አለው፣ «ከእንግዲህ ዝንብ ስታስነጥስ ትሰማለህ።»

ወንበሮቹን ነቀለ፣ ሞኬቱን ገፈፈ፣ ላሜራውን በአልኮል ወለወለ። ሬንጅ የሚመስለውን ከባድ ሉህ በሙቅ አየር እያለሰለሰ በወለሉ፣ በበሮቹና በጀርባው ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ በእጅ መዳመጫም እየዳጠ አጣበቀው። በላዩ ስፖንጅ፣ ከዚያ ወፍራም የሱፍ ንጣፍ ደረበበት። የጆሮውን ሥራ የሚሠራለት መዳፉ ነው። ላሜራውን በጣቱ አንጓ መታ ያደርግና መዳፉን ያሳርፍበታል፤ መንቀጥቀጡ ከሞተ ሥራው አልቋል።

ጣሪያው ላይ ሲደርስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ከአሮጌ ኩሽኔታ ያወጣት አንዲት የብረት ኳስ ነበረች። ከሾፌሩ አናት በላይ ወዳለው የጣሪያው ላሜራ ክፍት ቦይ ውስጥ ወረወራትና የቦዩን ሁለት ጫፍ ደፈነ፤ መሃሉን ግን እንደ ልቧ እንድትንከባለል ባዶ ተወው። ጩኸት በሞላበት ጋቢና ውስጥ እንዲህ ያለች ኳስ ማንም አይሰማትም። ጸጥታ ውስጥ ነው ጉዷ የሚወጣው። «አሁን እንተያያለን» አለ ዳልሱ፣ ጣሪያውን እያለበሰ።

ማንሴክ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። ፈገግታው የለም።

«ጋሼ፣ ከአናቴ ላይ አንድ ነገር ይንከባለላል። ስታጠፍ ጢርርር፣ ፍሬን ስይዝ ቀጭ!»

«እስቲ ንዳው» ብሎ አብሮት ገባ። በወደቡ መንገድ ዞሩ። ዳልሱ አንዳች አልሰማም፤ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ከጆሮው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የገዛ በቀሉን የሚያየው በማንሴክ ፊት ላይ ብቻ ነበር። በየመታጠፊያው ልጁ ዐይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይገባል። እንዴት ደስ ይላል!

«ይኸው! ሰሙት?»

«ምኑን?»

«አሁን ቀጭ ያለውን!»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ጆሮህን ብትታየው ምናለ፣ ልጄ? ይሄ ነገር ሲጀምር እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

የማንሴክ ፊት አመድ መሰለ።

ሌሎቹን ሾፌሮች ጋቢናው ውስጥ ቢያስገባ እነሱም ሰሙ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አላወቀም። ጣሪያውን እንዳይገነጥለው አዲሱ ልባስ ሊበላሽበት ነው። እንቅልፍ አጣ፣ ከሳ። በመጨረሻ የሾፌሮቹ ሁሉ ታላቅ የሆነውን ናምን አማከረ። የእነዚህ ሰዎች ነገር እንዲህ ነው፤ መኪና ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ብሎኑን ሳይሆን፣ አዲስ ሲገዛ መሥዋዕት ቀርቦ የተደረገለትን ምርቃት ነው።

«ስታስመርቀው ለመሥዋዕት ያቀረብከው የአሳማ ራስ የሚስቅ ነበር?» አለ ናም።

«ጥርሱ እስኪታይ!»

«ደረቁን ዓሣ በነጭ ክር አስረህ ሰቅለሃል?»

«ሰቅያለሁ።»

«ጎማዎቹ ላይ የሩዝ ጠላ አፍስሰሃል?»

«ሁሉም ላይ!»

«እንግዲያስ ቂም ነው። የበደልከው ሰው አለ። እሱ ባለበት ምርቃቱን ድገመውና ያደረግኸውን ተናገር።»

ዳልሱ ጥሪው ከነምክንያቱ ሲደርሰው ጋራዡን ዘግቶ ብቻውን ሳቀ። እረፍት ሊነሳው ያስገባት ኳስ፣ ይኸው ንስሐ ልታስገባው ነው!

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሾፌሮቹ ሁሉ በመኪና ማቆሚያው ተሰበሰቡ። ከመኪናው ፊት ጠረጴዛ ተዘርግቶ የአሳማው ራስ ይስቃል። ዳልሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ግራ ጆሮውን ወደፊት አድርጎ ቆመ። ማንሴክ ጫማውን አወለቀ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፣ ግንባሩን መሬት አስነካ። እንደተደፋ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ዳልሱ ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ዞረው አዩት። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ናም ዐይኑን ጠረገ።

ያን ጊዜ ገባው። ተናግሯል! ለመስማት ስንት ዓመት የጓጓለትን ቃል ልጁ መሬት ላይ ተደፍቶ ተናግሮታል። ሁሉም ሰማ፣ እሱ ብቻ ቀረ። ሞተር የበላው ጆሮው ይህችን እንኳ ነፈገው። እንባው መጣ፤ ንዴቱ ግን ቀደመ።

«አልሰማሁም» አለ።

ማንሴክ ቀና አለ። ፊቱ በእንባና በአቧራ ተለውሷል። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ለኃላፊው የነገርኩት እኔ ነኝ።»

አሁን ሰማው። ጥርት አድርጎ ሰማው።

«አልሰማሁም። ጮክ በል!»

«እኔ ነኝ! መስመርዎን ተመኝቼ ነው! በእናቴ ስም የማልኩት በውሸት ነው!» ድምፁ በኮንቴይነሮቹ መሃል አስተጋባ።

«ዳልሱ፣ በቃው እንጂ» ብሎ ናም ክንዱን ያዘው። ዳልሱ አስለቀቀና «እንደገና» አለ። ማንሴክ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ። ከሾፌሮቹ አንድም የሳቀ አልነበረም።

በኋላ ማንሴክ መጥቶ የዳልሱን እጅ ያዘ። «ከእንግዲህ ይተወኛል አይደል፣ ጋሼ? ድምፁ?»

ዳልሱ የሩዝ ጠላውን አንስቶ ጎማው ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ።

«የቱ ድምፅ?» አለውና ወደ ጋራዡ ሄደ።