ፊቴን ወደ ግድግዳ

የሰደበችኝ አሰልጣኟ ናት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፤ በልብስ ማጠቢያችን የማጠፊያ ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኙ የማኅበሩ አባላት በሙሉ እያዩ። ያለችው ቃል በቃል ይሄ ነው፦ «ሊቀመንበር፣ አይቀየሙኝና፣ እነዚህን ሰዎች አፍ አልባ ያደረጓቸው እርስዎ ነዎት። እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት የእርስዎን ፊት ነው የሚያዩት።» «አይቀየሙኝና» ስትል ፈገግ ብላለች። እኔ ሰው ሲሰድበኝ ፈገግታውንም ጭምር ነው የምይዘው።

ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሹፌሩ ነው። አንሶላ ወደ ሆስፒታሉ የሚያመላልሰውን ሹፌር ለምኜ ማኅበሩ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ተንከተከተ። ልጄ አጠገቡ ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም፤ አቀርቅራ ጥፍሯን ስታይ አየኋት። ያ ከሳቁ ባሰብኝ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ማኅበሩን ግን አሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። አጀንዳ የማወጣው እኔ፣ ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ፣ ሁለት ሰው ሲጣላ የምዳኘው እኔ፣ ቦይለሩን የማነደውም እኔ። የሚረዳን መሥሪያ ቤት «ማኅበሩ በራሱ እግር ይቁም» ብሎ ነው ሴትዮዋን የላከብን። እስከዚያን ቀን በማን እግር ቆሞ ኖሯል?

መድኃኒቷ ደግሞ ጉደኛ ነበር። ለሦስት ስብሰባ እኔ አልናገርም። ፊቴም እንዳይታይ ወንበሬን አዙሬ ግድግዳ እያየሁ እቀመጣለሁ። እነሱ በየተራ ይመራሉ። እሷም ሲጠይቋት አትመልስም፤ ጥያቄውን መልሳ ለእነሱ ነው የምትሰጠው። «እሺ» አልኩ። ሰው ፊት እሺ ካልኩ ደግሞ አልኩ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሃያ ደቂቃ ያህል ትንፍሽ ያለ የለም። ዓይናቸው ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ ይታወቀኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። በሁለተኛው ስለ ውሃ መውረጃው ጽዳት ተጨቃጭቀው ተራ አወጡ። እኔ ከማወጣው የተሻለ ተራ ነበር። ያን ቀን እራት አልበላልኝም።

ሦስተኛው ስብሰባ በሚደረግበት ዕለት ጠዋት ቦይለሩን እንደወትሮዬ አነደድኩ። ለካውያዎቹ እንፋሎት የሚልክ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የብረት በርሜል ነው። እንፋሎት ሲበዛበት አናቱ ላይ ያለው ቫልቭ ይከፈትና እያፏጨ ትርፉን ያስወጣል። የዚያን ዕለት ግፊቱን የሚያሳየው መርፌ ቀዩን መስመር አለፈ፤ ቫልቩ ግን ዝም አለ። በመፍቻ መታ መታ አደረግኩት። አሁንም ዝም።

በወጣትነቴ በሠራሁበት ፋብሪካ አንዱ ቦይለር ሲፈነዳ ነበርኩ። ድምፁን አላስታውሰውም። የማስታውሰው የጓደኛዬን ጫማ ነው። ክሩ እንደታሰረ ጣሪያ ላይ አገኘነው።

እሳቱን አጠፋሁ። የልጄ መተኮሻ ጠረጴዛ ከቦይለሩ አራት እርምጃ ነው፤ በእግሬ ለክቼዋለሁ።

ሥራው ሲቆም ግር ብለው መጡ። «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

መናገር እችል ነበር። «ቫልቩ ተጣብቋል» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ ከንፈሩን ለሳቅ ሸሸት ሲያደርግ አየሁት፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ። «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አልኩ። «ስብሰባውን ጠይቁ። አለቃው ስብሰባው አይደል እንዴ?»

በዘጠኝ ሰዓት ወንበሬን አዞርኩና ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ ኮቴን የምሰቅልበት ሚስማር አለ፤ ከሚስማሩ በታች ቀለሙ ተልጧል። እዚያ ላይ አፈጠጥኩ። የመምራቱ ተራ የአንሶላ አጣፊዋ ነበር። ገና አጀንዳውን ሳትጨርስ ሹፌሩ ጀመረ።

«ምን ያከራክረናል? ሆስፒታሉ ነገ አንሶላ ይፈልጋል። ቦይለሩ ደህና ነው። ጋሼ ሲያኮርፉ አብሯቸው አኩርፎ ነው እንጂ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«ነገ ጠዋት እኔው አነደዋለሁ። ክብሪት መጫር ማንን ያቅተዋል?»

«እውነቱን ነው» አለች አጣፊዋ። «ያኔስ ተቆጥተው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ሄደው የለ? ሁለት ቀን በር ላይ ቆምን።»

አልዋሸችም፤ ሄጄ ነበር። ግን ቁልፍና ቦይለር አንድ ነው? ዝም ስል ይፈራሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። እነሱ ግን ዝምታዬን እንደ ኩርፊያ ቆጥረውት ቁጭ አሉ። ይሄ በሐሳቤም አልመጣም። ላቤ በጀርባዬ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሸሚዜ ሲጣበቅብኝ ከኋላ እንደሚያዩት አውቃለሁ። ሙቀት ነው ብለው ይሆናል።

«እጅ ከማንሳታችሁ በፊት» አለች አሰልጣኟ፣ «ደህና መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እህቴ?» አላት አንዱ።

«እኔ ስለ ቦይለር አላውቅም። ከእናንተ መሃል የሚያውቅ ማነው?»

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞረው እኔን እያዩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የግፊቱን መርፌ ማንበብ ለአንድም ሰው አላሳየሁም። ያላሳየሁት ሳይመቸኝ ቀርቶ አይደለም።

«የሚያውቁትማ እሳቸው ናቸው» አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

«እሳቸውማ ግድግዳ እየመረመሩ ነው!» አለ ሹፌሩ። «በቃ፣ ወደ ድምፅ። ነገ ይነደድ የምትሉ!»

ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ እጃቸው ሲበዛ ካየሁ እናገራለሁ ብዬ። ፊቴ ግድግዳ ላይ ሆኖ እጃቸውን በምን እንደማይ አላሰብኩም። የእጅጌ መንሿሿት ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፤ ከዚያ ጠፋብኝ። የልጄ እጅ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ጫማው መጣብኝ፤ ክሩ እንደታሰረ። ግን ጫማው የወንድ አልነበረም። የልጄ ነጭ ሸራ ጫማ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። መክፈቴን እምላለሁ። ድምፅ ግን አልወጣም።

«አንዴ» አለ የሴት ድምፅ።

ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። ስትቀጥል ነው የለየኋት፤ ከልጄ ጎን የምትተኩሰዋ ዝምተኛ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጣሪያ ስር ሠርተን ድምፅዋን አላውቀውም።

«ዓምና፣ ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው። የቦይለሩ ድምፅ ተቀይሯል ብዬ ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ። ‹አንቺ ካውያሽን ጠብቂ፣ የማታውቂውን አትዘባርቂ› አሉኝ። ሰው እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ተናግሬ አላውቅም። መቁጠር ግን አልተውኩም። ጠዋት እስከ ዕረፍት ሦስት ጊዜ ያፏጫል፤ አንዳንዴ አራት። ዛሬ አንድም ጊዜ አላፏጨም። ወላፈኑ ግን ፊቴን ሲለበልበኝ ነበር። መውጫ ካጣ፣ ያ ሁሉ እንፋሎት የት ሊገባ ነው?»

አንድም ሰው አልሳቀም።

እኔ እንደዚያ ማለቴን አላስታውሰውም። ሐሙስ መሆኑን እሷ ይዛዋለች።

«እንየዋ» አለች ልጄ። ወንበሮቹ ተንኳኩ፣ እግራቸው ወደ ቦይለሩ ክፍል ሄደ፤ አሰልጣኟም ተከተለቻቸው። ብቻዬን ቀረሁ። መዞር እችል ነበር፤ አልዞርኩም። ድምፃቸው በበሩ ይመጣል። ይቺ ቀይዋ መስመር ምንድን ናት? የቫልቩን ዘንግ ሳበው። አንተ ሳበው። ኧረ በኃይል! ከዚያ የሹፌሩ ድምፅ፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶለት፦

«አይነቃነቅም። ዝጎ ተጣብቋል። ወይኔ ጉዴ፣ እኔ እኮ ነገ ላነደው ነበር።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ጠጋኝ መጥቶ ቫልቩን ሳይቀይር እሳት እንዳይነካው ወሰኑ። ለሆስፒታሉ ሄዶ የሚናገረው ሹፌሩ ሆነ፤ «አፍ ያለህ አንተ ነህ» አሉት፤ እሺ አለ። ቦይለሩን ሁለት ሰው እንዲማር ተባለ፤ ዝምተኛዋና ልጄ። ዝምተኛዋ «መጀመሪያ ጠጋኙ ያስተምረን» አለች። እኔን አልጠራችኝም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማኛል። የእኔ እጅ የሌለበት የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ነው።

«ሊቀመንበር፣ አልቋል» አለች አሰልጣኟ። «ወንበርዎን ማዞር ይችላሉ።»

ዞርኩ። ሁሉም ፊቴን እያዩ ነው። ድሮም ያዩኝ ነበር፤ እንደዚህ ግን አይደለም። አሰልጣኟ ፈገግ አላለችም። ሹፌሩ መሬት መሬቱን ያያል።

ልጄ ተነሳች። እጇ ላይ የቫልቩ ዝገት አለ።

«አባዬ» አለች። «እሷ ባትናገር ኖሮ ትነግረን ነበር?»

አሰልጣኟን አየኋት፤ ሌላ ጊዜ ጥያቄውን መልሳ ለሰው የምትሰጥ ሴት፣ ይሄኛውን ግን እንዳለ ለእኔ ተወችው። ዝምተኛዋ ካውያዋን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር፤ እጇን አቆመች። ልጄ ትጠብቃለች።

ኮቴን ከሚስማሩ አወረድኩ። እጅጌው አልገባልኝ ሲል አንጠልጥዬው በመሃላቸው አለፍኩ፤ መንገድ ለቀቁልኝ። በልጄ ጠረጴዛ በኩል፣ አራቱን እርምጃ ቆጥሬ፣ በቦይለሩ ጎን አልፌ በጓሮ በር ወጣሁ።