የሠላሳ ሺህ ሰው ካርድ

ኤድና ሃዎርዝ ብላክፑል ከተማ፣ የሠራተኛው ፓርቲ ጉባኤ አዳራሽ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ቦርሳዋን ትዳስሳለች። ቦርሳው ውስጥ ያለችው የድምፅ መስጫ ካርድ ከፍ ስትል የምትቆጠረው እንደ ሠላሳ ሺህ የሽመና ፋብሪካ ሠራተኛ ድምፅ ነው። የሠራተኞቹ ማህበር ወደ ጉባኤው ሲልካት አንድ ነገር አዟታል፤ ሴቶች በማታ ፈረቃ ይሥሩ የሚለውን ሐሳብ ተቃወሚ ብሏታል። እሷ ራሷ ግን ሐሳቡን ትደግፋለች። በማህበሩ ስብሰባ ላይ ድምፅዋ እስኪዘጋ ተከራክራ፣ ተሸንፋ ነው የመጣችው።

የባሰው ደግሞ ሐሳቡን ያቀረበው ታናሽ ወንድሟ ዊልፍሬድ መሆኑ ነው። ድሮ ከጎኗ ይሸምን የነበረ ልጅ ዛሬ የፓርላማ አባል ሆኗል። ከተሸነፈ ከፓርቲው አመራር እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል።

ዊልፍሬድ መጥቶ አጠገቧ ዘፍ አለ።

«እትዬ፣ ሻይሽን ቀስ ብለሽ ጠጪ።»

«በርዷል እኮ።»

«ሌላ ላስመጣልሽ! ድምፅ ሲሰጥ ሻይ ሰልፍ ላይ ነበርኩ ያለ ሰው ተቀጥቶ ያውቃል? ደግሞ አንቺም የምታምኚበት ነገር ነው።»

«እኔ አምናለሁ። እነሱ አያምኑም።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

«ረሳሃቸው እንዴ? አንተንም እዚህ ያደረሱህ እነሱ ናቸው።»

ደወሉ ተደወለ። ኤድና ወደ አዳራሹ ገባች፤ «የሚቃወሙ» ሲባል ወንድሟን ላለማየት ጣሪያው ላይ አፍጥጣ ካርዷን ከፍ አድርጋ ያዘች። ሐሳቡ በሃያ ሁለት ሺህ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። እሷ ሻይ ቤት ብትቀር ኖሮ ያልፍ ነበር።

የሰውን አደራ ለራሱ ሐሳብ የሚያውል ተወካይ ሞልቷል፤ ምክንያቱንም አያጣም። ይህቺ ሴት ግን የራሷን እምነትና የወንድሟን የአመራር ወንበር በገዛ እጇ ጣለች። እንዴት ያለች ሰው ናት!

ከጉባኤው በኋላ ኤድና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጣች፤ ንፋሱ ቆብ ይነጥቃል። ዊልፍሬድ ፊቱ አመድ መስሎ ደረሰባት።

«ከፍ አድርገሽ ያዝሽውሳ!»

«ብብቴ ስር ልደብቀው ኖሯል?» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ዊልፍሬድ መሐረቡን ሰጣት። ቀጥሎም፣ «የማህበሩ ስብሰባ አሁንም ማክሰኞ ነው?» አላት።

«ማክሰኞ ነው።»

«መጥቼ ባስረዳቸው ይሰሙኛል?»

«የአባልነት ደብተርህ አለ አይደል? እጅህን አውጥተህ ተራህን ትጠብቃለህ። ለማንም አምስት ደቂቃ ነው።»

ማክሰኞ ዕለት የፓርላማው ሰው ኋላ አግዳሚው ላይ፣ ከሠራተኞቹ መሃል ተጣቦ ተቀምጦ እጁን አወጣ። ስብሰባውን የምትመራው ኤድና ነበረች፤ አየችው። ከእሱ በፊት እጃቸውን ላወጡት አራት ሴቶች ዕድል ሰጥታ ስትጨርስ፣ እንደ ማንኛውም አባል፣ «ወንድም ሃዎርዝ፣ ቀጥል» አለችው።