ከጎንደር የመጣው ዲናሞ

«ያችን የቢራራን ተሽከርካሪስ አታወጧትም?» አሉ አለቃ ተክለ ማርያም፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አድርገው።

ሣልስቱ ነው። የሟች ዕቃ ወጥቶ የሚለቀስበት ቀን፤ ጠመንጃ ያለው በጠመንጃው፣ በቅሎ ያለው በበቅሎው ይለቀስለታል። ቢራራ ደባርቅ ላይ ሳይንስ የሚያስተምር መምህር ነበር፤ ምን ጠመንጃ አለው! ኮቱና ሁለት ሸሚዙ ቁርበት ላይ ተዘርግተዋል። በገዛ እጁ የሠራት ተሽከርካሪ ግን በእናቱ በአልጣሽ ጋቢ ሥር ናት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከጉልበቷ አልለየቻትም።

«ምን ታደርግላችኋለች? እሷም ሞታለች» አለች አልጣሽ።

አለቃ የሟች አጎት ናቸው፤ ነገር ከያዙ አይለቁም። የሰው ሙያው ክብሩ ነው ብለው ጎንበስ አሉና ተሽከርካሪዋን በሁለት እጃቸው አንስተው ሸሚዙ ላይ አስቀመጧት። አልቃሿ አረጋሽ ሙሾ ልታወርድ አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አጣች። ለጠመንጃ የሚባል ታውቃለች፣ ለበቅሎም ታውቃለች። ጎማ ላወጣ የሰርዲን ጣሳ ምን ይባላል? ደረቷን መታች፤ ሴቶቹም ተከተሏት።

ክረምቱን ሙሉ ነበር የሠራት። ገላዋ የሰርዲን ጣሳ፣ ጎማዋ የወተት ቆርቆሮ ክዳን፣ ጉልበቷ ከተበላሹ ቴፖች የተፈቱ፣ ግራና ቀኝ ጎማዋን የሚያዞሩ ሁለት ዲናሞዎችና አራት የባትሪ ድንጋይ። ቀዩን ሽቦ ከጥቁሩ ሲያገናኝ፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያገናኝ ይመሽበታል። ፊቷ ላይ እንደ ድመት ጢም ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሏት። ሮቦት ናት አላት ለእናቱ። አልጣሽ ስሙ ምላሷ ላይ አልዞር ሲላት ዙሪት አለቻት፤ ዙሪት ሆና ቀረች።

«ዓይን የላትም፣ እማ» አላት፤ «ግን ግድግዳ ስትነካ ዞራ ትመለሳለች።»

እውነትም ከመደቡ ተነሥታ ጎታውን ነካችና ተመለሰች። አልጣሽ እልል አለች። እልልታው ጎረቤት ጠራ፣ ጎረቤት ተማሪ ጠራ፤ የቀበሌው ጥበቃ ሳይቀር ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ አንገቱን ያሰግግ ጀመር። አልጣሽ ፈራች። ይሄ ሁሉ ዓይን ለበጎ አይመስላትም፤ ለጣሳዋም አይደለም የፈራችው፣ ለሠራት እጅ ነው።

አንድ ጠዋት እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጠበል አምጥታ በስመ አብ ብላ ረጨቻት። ርጭቱ ያነሰ መሰላት። እናት አይደለች? ጠርሙሱን ሙሉ ደፋችባት።

ከዚያ ወዲያ ዙሪት ባንድ ጎኗ ብቻ እየጎተተች ባለችበት ትሽከረከር ጀመር። ቢራራ ጀርባውን ለእናቱ ሰጥቶ ጣሳውን ፈታ፣ እጁን ጠረገ። አንዱ ዲናሞ አርጅቶ ነው አላት። አልጣሽ እኔ ነኝ ማለት አቃታት። ምላሷ ምን ያዘው? እሷም አታውቅም።

ዲናሞ ያለው ጎንደር ነው። በዘመኑ ደግሞ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ዳባትም አይታለፍ፤ ለቀልድ ዕቃ የሚሰጥ ወረቀት የለም ብሎ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለቴ መለሰው። በሦስተኛው አልጣሽ ራሷ ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች። በደሏን መካሷ ነበር። አስፈርማ መጣች፣ ስንቁን ቋጠረች፣ ሸኘችው። ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ዳባትን እንዳለፈ ተገለበጠ።

አሁን ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ይላታል፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ይላታል። የኔ እጅ አለበት ልትል አፏን ስትከፍት እንባ የመጣባት መስሏቸው እሹሩሩ ይሏታል። ማን ይስማት!

ለቀስተኛው ሲሳሳ ምራቷ፣ የቢራራ ሚስት ውቢት፣ አጠገቧ ተቀመጠችና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በአልጣሽ ጭን ላይ አኖረች። ከኮቱ ኪስ የተገኘ ነው፤ አዲስ ዲናሞ፣ ጭረት እንኳ ያልነካው። የሥራ ባልደረባው ያርጋል ዲናሞውንም ጣሳዋንም ተቀብሎ አገላበጠ፤ የተንጠለጠሉትን የሽቦ ጫፎች ቆጠረ፣ ሁለት ቀይ፣ አንድ ጥቁር። የቱ ከየት ይገባል? እኔ እኮ ታሪክ ነው የማስተምረው አለና ሁለቱንም ሸሚዙ ላይ መልሶ አቀርቅሮ ወጣ።

«ውቢት» አለች አልጣሽ፤ «ጠበል የደፋሁባት እኔ ነኝ። ዲናሞው አላረጀም።»

ውቢት የዲናሞውን ጋዜጣ አጣጠፈች።

«አውቃለሁ፣ እማ። ጣሳውን ሲፈታው ውሃው እጁ ላይ ፈሰሰ። ‹አርጅቶ ነው ብያታለሁ፤ አንችም እንደዚያው በያት፣ ካወቀች ታዝናለች› አለኝ። እርስዎ እንዳያዝኑ ነው።»

ምነው በጮኸችባት! ምነው ባሌን አስበላሽው ባለቻት! አልጣሽ እንዲያ ቢሆን ይሻላት ነበር። ውቢት ግን እጇን ያዝ አድርጋ ለቀቀቻትና ለቀስተኛ ልትሸኝ ተነሣች።

አልጣሽ ዙሪትን ከሸሚዙ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ክዳኗን ገለጥ አደረገች። ከረጠበች ሦስት ሳምንት አልፏታል፤ ሽቦዎቿ ደርቀዋል። አልጣሽ ግን የሐዘን ነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፤ መጀመሪያ ቀዩን፣ ቀጥላም ጥቁሩን፣ ቀስ እያለች ታደርቅ ጀመር።