አርባ ሁለት ተኝቷል

መሬት አንድን ድምፅ ሁለት ጊዜ አያሰማም። ይህን የምታውቀው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተጎልታ የመሬትን ኮሽታ ስታጣራ ስለኖረች ነው። ነዳጅ ፍለጋ ሲወጡ ቁጥር በተሰጣቸው ነጥቦች ላይ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ዲናማይት ይቀብራሉ፣ ያፈነዳሉ፤ ፍንዳታውን «ተኩስ» ይሉታል። ከሥር ያለው ዓለት ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይልከዋል፤ በመስመር የተደረደሩ ጂኦፎን የሚባሉ የመሬት ጆሮዎችም ይቀበሉታል። ፍንዳታው ከመድረሱ በፊት ግን በየጂኦፎኑ የሚገባ ተራ ነገር አለ፦ ንፋስ፣ የመኪና ሞተር፣ የአንድ ሠራተኛ እርምጃ፣ የሚግጥ ከብት። ይህ ኮሽታ ከተኩስ ተኩስ ይለያያል። ሊመሳሰል አይችልም።

የነጥብ አርባ አንድና የነጥብ አርባ ሁለት ግን ተመሳሰለ።

መጀመሪያ የራሷ ስህተት መስሏት ነበር። አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ የከፈተች መስሏት ዘጋችና እንደገና ከፈተች። ከዚያ አንዱን ከሌላው ቀነሰችው። ስክሪኑ ባዶ ሆነ፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልቀረችም።

ቴፖቹ ከአርባ ዓመት በፊት የተቀረጹ ናቸው። ኩባንያው ያኔ «ምንም የለም» ብሎ ትቶት የሄደውን መሬት በአዲስ ዘዴ ደግሞ ሊያየው ስለፈለገ ከመጋዘን አስወጥቶ ሰጣት። ቀኑን ሙሉ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ቀናነሰችው። ከሁለት መቶ ነጥቦች ዘጠኙ የጎረቤታቸው ግልባጭ ሆነው ተገኙ። ዘጠኝ ጉድጓድ አልፈነዳም፤ አንድ ሰው የጎረቤቱን ቅጂ ገልብጦ ቁጥር ለጥፎበታል፤ ዲናማይቱም እስከ ዛሬ እዚያው አለ ማለት ነው።

የመስክ ቅጾቹን አወጣች። ዘጠኙም ላይ «ፈነዳ» ይላል። ከሥሩ የተኳሹ ፊርማ አለ፤ ጭራው ወደ ላይ ተስቦ የሚጠመዘዝ። ለማወቅ የፊርማ ባለሙያ አላስፈለጋትም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሪፖርት ካርዷ ጀርባ ላይ ስታየው ያደገችው ፊርማ ነው። የአባቷ።

የክፍሉ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ ሰማት። ክፉ ሰው አይባልም፤ ክፉ ለመሆን እንኳ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ግደያቸውና እለፊ» አላት። በሥራቸው ቋንቋ የተበላሸ ቅጂን ከስሌት ማውጣት «መግደል» ይባላል።

«ቅጂውን መግደል ቀላል ነው። ዲናማይቱስ?»

«የቱ ዲናማይት?»

«ነጥብ አርባ ሁለት ላይ የመኖሪያ ሕንፃ መሠረት እየተቆፈረ ነው። የቀሩት ስምንቱም እዚያው ግንባታ ውስጥ ናቸው። ቁፋሮው እንዲቆም ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

«አርባ ዓመት እኮ ነው። ጭቃ ሆኗል።»

«ጭቃ መሆኑን ማን አየ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስሚኝ እህቴ። ቅጹ ‹ፈነዳ› ይላል። ኩባንያው ፈነዳ ካለ ፈንድቷል። አንቺ የምታሳዪኝ ጭረት ነው፤ እንዲያውም የጠፋ ጭረት። ይኼን ይዤ ሕንፃ አስቁሙ ልበል? የፈረመው ሰውዬ በሕይወት ካለ ‹ዋሽቻለሁ› ብሎ ይፈርምልሽ፣ እኔም ደብዳቤዬን እጽፋለሁ።»

የፈረመው ማን እንደሆነ ያውቃል። ፈገግ ያለውም ለዚህ ነው።

አባቷን የድሮ ባልደረቦቹ «አይስቴ» ይሉታል። በሃያ ሦስት ዓመት የተኳሽነት ሥራው አንድም ጉድጓድ እምቢ ብሎት አያውቅም ይባላል። ኩባንያው ይህንኑ በወፍራም ወረቀት አትሞ፣ መስታወት አልብሶ ሸልሞታል፤ ሳሎኑ ውስጥ ከሠርጋቸው ፎቶ በላይ ተሰቅሏል። እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ ከወረቀቱ በታች ነኝ» ትላለች። ጆሮዎቹ ግን እዚያው መስክ ላይ ቀርተዋል፤ ግራው ጭራሽ አይሰማም፣ ቀኙም እንደ ፍላጎቱ ነው።

ሁለቱን ቅጂዎች አትማ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችለት። መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ። ፊቱ በራ።

«እንዴት ያለ ጥሩ ተኩስ ነው! የማን ነው?»

«ያንተ።»

«ነው እንዴ? አላልኩሽም!»

«ሁለቱም ያንተ ናቸው። አርባ አንድና አርባ ሁለት። አባዬ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው።»

«እ?»

«አንድ ናቸው!» ብላ ጮኸች።

«አትጩኺብኝ፤ ደንቆሮ እንጂ ዕውር አይደለሁም።» ጣቱ ግን አርባ ሁለት የሚለው ቁጥር ላይ ቀረ።

እናቷ እጇን እያደረቀች ከኩሽና ወጣች። «ልጅቷ ቁጭ እንኳ ሳትል ምን ያጨቃጭቃችኋል? ምን አጠፋህ ደግሞ?»

አባቷ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሽቶ «ተኝቶ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ጉድጓዱ። ሳይፈነዳ ሲቀር ‹ተኛ› እንል ነበር። ደንቡ ሰው አርቀህ ጠብቅ፣ ከዚያ በሌላ ማፈንጃ አምክነው ይላል። ግማሽ ቀን ይበላል። የካምፑ አለቃ ደግሞ ‹መስመር ቆመ› ከሚሉት ‹እናትህ ሞተች› ቢሉት ይመርጣል። በሬዲዮ ‹አርባ ሁለት ተኝቷል› ስለው ‹አልሰማሁህም› ይለኛል። ሦስቴ ስነግረው ሦስቴ ‹አልሰማሁህም›። ያኔ የኔ ጆሮ ደህና ነበር፤ የደነቆረው እሱ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መቅረጫው መኪና ላይ ያለው ሰውዬ የጎረቤቱን ይገለብጣል፣ እኔ እፈርማለሁ። ሽቦውን ቆርጠን አፈር እናለብሰዋለን።»

«ስንት ሜትር ላይ ነው ያለው? ቅጹ አሥራ ሁለት ይላል።»

ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «አሥራ ሁለት! እዚያ ድንጋይ ላይ? መሰርሰሪያው ሁለት ሜትር ሳይሞላ ጥርሱን ነክሶ ቀረ። ሁለት ላይ ቀበርን፣ አሥራ ሁለት ብለን ጻፍን።»

የሕንፃ መሠረት ከሁለት ሜትር በታች ነው የሚወርደው። ‹ፈነዳ ብዬ ዋሽቻለሁ› ብላ ጽፋ ያመጣችውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይኼን ፈርምልኝ።»

አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። «አንቺም ሥራ የገባሽው ‹የአይስቴ ልጅ ናት› ተብለሽ ነው። ይኼ ቤትም የኩባንያው ነው። በስተርጅና እናትሽን የት ልወስዳት?»

«እኔን ሰበብ አታድርገኝ» አለችው እናቷ። «ይኼን ሁሉ ዘመን በእንቅልፍህ ስትጮህ አቅፌህ የተኛሁት ምን እንደሚያስጮህህ ሳላውቅ ነው። በል ፈርም።»

እስክሪብቶውን ያዘ። ከመፈረሙ በፊት ልጅቷ እጁን ያዘችው።

«ዘጠኝ ብቻ ናቸው አይደል? ሌላ የለም?»

«ዘጠኝ» አላት ቶሎ ብሎ። ፈረመ።

በማግሥቱ ኃላፊው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ አነበበና «ለሕግ ክፍል እመራዋለሁ፤ በሰባት የሥራ ቀን መልስ ይሰጣሉ» አላት። ሰባት የሥራ ቀን! ኤክስካቫተር የሥራ ቀን ቆጥሮ የሚቆም ይመስል። ቢሮውን ለቅቃ ወጣች፤ አባቷን ከቤት አንስታ በቀጥታ ወደ ግንባታው ነዳች።

ቦታው ሌላ ሆኗል። አባቷ የሚያውቃቸው ጉብታዎች ተደልድለዋል፣ የጠጠር ክምርና የብረት ቁልል ብቻ ነው ያለው። እሷ ከድሮው ካርታ ያወጣችውን የአርባ ሁለትን ልኬት በስልኳ እየተከተለች ከፊት ሄደች። አንድ የመሠረት ቦይ አፋፍ ላይ ስልኩ «ደርሰዋል» አላት። ቦዩ ውስጥ ኤክስካቫተሩ አፈር ይዝቃል።

ፎርማኑ እየሮጠ መጣ። «አባባ፣ ተመለሱ! ያለ ሄልሜት እዚህ አይገባም!»

አባቷ ወደ ቦዩ በቂጡ ተንሸራቶ ወረደ፤ የማሽኑ አካፋ ሊያርፍ ካለበት ቦታ ሄዶ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

«ከሥሬ ዲናማይት አለ» አለ ጮክ ብሎ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። አልፈነዳም፤ ፈነዳ ብዬ ዋሽቻለሁ።»

«ፀሐይ መታዎት እንዴ?» ፎርማኑ ወደ ልጅቷ ዞረ። «እህት፣ ሽማግሌውን ውሰጂልኝ፤ ሥራ አለኝ።»

ኦፕሬተሩ ግን ከማሽኑ መስኮት አንገቱን አወጣ። «ስንት ሜትር ላይ ነው አባባ?»

«ሁለት!»

ኦፕሬተሩ የቦዩን ግድግዳ በዓይኑ ለካ። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ቁልፉን ፎርማኑ መዳፍ ላይ አኖረ። «መጀመሪያ ልጆቼን ታሳድግልኛለህ፤ ከዚያ አንተው ትቆፍረዋለህ።»

ፎርማኑ ቁልፉን ይዞ ቀረ። አባቷ ሁሉንም እንዲርቁ አድርጎ በግንበኛ ማንኪያ፣ ከዚያም በጣቱ አፈሩን ይገልጥ ጀመር። ከአፋፉ ቆማ ስታየው ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው አልመሰላትም። ቢጫ ሽቦ ብቅ አለ። ሽቦውን ተከትሎ አንድ ክንድ ያህል ቆፈረና ቆመ። የዲናማይቱ ጫፍ ታየ።

«ጥሩ አድርጌ ነው የጠቀጠቅኩት» አለ። ወዲያው የተናገረው ነገር ገብቶት አፉን በአፈር እጁ ሸፈነ።

ፖሊስና ፈንጂ አምካኞች እስኪደርሱ ሰዓት ወሰደ። ከአምካኞቹ አንዱ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ማፈንጃው ትናንት እንደተቀበረ ነው አለ። ጭቃ አልሆነም። የቀሩትን ስምንቱንም ልጅቷ በሰጠቻቸው ልኬት አንድ በአንድ አግኝተው እስኪያወጡ አባቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተመለከተ።

«ማነው የቀበረው?» አለ የፖሊስ መኮንኑ ሲያበቁ።

«እኔ።»

ሌላ የጠየቀው የለም። ያዘዘው የካምፑ አለቃ፣ «አልሰማሁህም» ያለው፣ በስሙ የተሰየመ የስብሰባ አዳራሽ አለው። ካቴናው የገባው በሽማግሌው እጅ ላይ ነው።

መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት ድንገት ተጠማዝዞ ልጁን ፈለጋት። «ልጄ! ዘጠኝ አይደሉም!»

ሮጣ በሩን ያዘች። «ምን?»

«በተኛው ጉድጓድ ጎን ሌላ ቆፍረን እሱን የተኮስንባቸው ነጥቦች አሉ፤ የተኛው እዚያው ቀርቷል። ቁጥሩ አንድ፣ ተኩሱ እውነተኛ። ቅጂው ላይ አታገኚውም። እነሱ ሌላ አሥራ ሁለት ናቸው!»

«ለምን ትናንት አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ» አላት። «እንደ ዘጠኙ አይታወቁም ብዬ። ጻፊ! ሃምሳ ስምንት፣ በስተቀኝ ስድስት እርምጃ። ሰባ ሦስት፣ ከ…»

ፖሊሱ ክንዷን አንስቶ በሩን ዘጋው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከመስታወቱ በስተኋላ አፉ ይንቀሳቀስ ነበር።

ቦታዎቹን እንዲነግራት ልታየው ሦስት ቀን ጣቢያ ተመላለሰች። ምርመራው እስኪያልቅ ማንም አያየውም አሏት። የኩባንያው ጠበቃ ግን ገብቶ አይቶታል፤ ከእንግዲህ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ መክሮ፣ ቤቱን እንደሚነጠቅም አስፈራርቶት ወጥቷል። በአራተኛው ቀን ኃላፊው ደብዳቤውን ጻፈ። አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በግል ጥፋቱ ስለተዋቸው ዘጠኝ ነጥቦች ኩባንያው በጥልቅ ያዝናል፤ ዘጠኙም ስለጸዱ ሥራው መቀጠል ይችላል።

ፎርማኑን ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ነው ያገኘችው። ማሽኑ ላይ ሌላ ኦፕሬተር ተቀምጧል።

«ጸድቷል ይላል» አላት።

«አልጸዳም። አሥራ ሁለት ይቀራሉ።»

አልሳቀባትም፤ ሽቦውን በዓይኑ አይቷል። «የት?»

«ሃምሳ ስምንት። በስተቀኝ ስድስት እርምጃ።»

«በስተቀኝ? ከየት በኩል ስንመጣ?»

መስመሩን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። ተኳሾቹ ከየትኛው ጫፍ እንደጀመሩ ቅጹ አይናገርም።

«በግራም በቀኝም አጥር አደርጋለሁ» አለ ፎርማኑ። «እሺ፣ አሥራ አንዱስ?»

«ሰባ ሦስት፣ ከ…» ብላ አባቷ የተቋረጠበት ላይ ቆመች፤ የቀሩትን አሥሩን ቁጥራቸውን እንኳ አልሰማችም።

«እህቴ፣ አንድ ቦታ ብታሳዪኝ አቆማለሁ፤ እውነቴን ነው። አባትሽ መጥተው ቁጭ አሉበት፣ አቆምኩ። አንቺ ደግሞ የምትቀመጪበትን አታውቂም።»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለኦፕሬተሩ «ጀምር» ብሎ እጁን አነሳ።