የረጋው ሾርባ

"ጫማህን አውልቅና ሚዛኑ ላይ ውጣ" አለችው ነርሷ።

ኬክ ሠሪው ጫማውን ካወለቀ ቆይቷል። ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ የቤት ቁልፉንና ስልኩን ወንበሩ ላይ ደርድሮ፣ አሁን ከካልሲው ጋር እየታገለ ነበር። ሱሪህንም ብትለው እምቢ የሚል ሰው አልነበረም። ሚዛኑ ላይ ወጣና ትንፋሹን ያዘ፤ ትንፋሽም ይመዘናል ያለው ያለ ይመስል።

ነርሷ ቁጥሩን አየች። "እስቲ ውረድና እንደገና ውጣ።"

ወረደ፤ ወጣ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ካለፈው ወር ጥቂት ጨምሯል።

"ሚዛኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን" አለ።

"ከአንተ በፊት የተመዘኑት ሰውዬ ቀንሰው ነው የሄዱት" አለችው፤ ለማጽናናት ትበለው ለመውጋት አልገባውም።

ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብላ አየችና መነጽሯን አወለቀች። ሴትየዋ መነጽር ስታወልቅ ደግ ነገር ተናግራ አታውቅም።

"ምንድን ነው የምትበላው?"

"ሾርባ። ምስርና አትክልት። እናቴ ናት የምትሠራልኝ።"

"ዳቦስ? ኬክስ?"

"በምላሴ አልነካሁም። ዐይኔን ግንባር ያድርገው።"

"እንቅስቃሴውስ?"

"ሥራ የምሄደው በእግሬ፣ የምመለሰው በእግሬ። ማለዳ ደግሞ ሜዳውን እዞራለሁ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ለምዶኝ መጮህ ትቷል።"

አልሳቀችም። ማርማላታ ከንፈሩ ላይ ይዞ "አልበላሁም" የሚል ልጅ እንደሚታይ አየችው። "ስማኝ ወንድሜ፣ እዚህ ሰው አይቀጣም። ግን የምትበላውን ከደበቅከኝ ልረዳህ አልችልም። ሆድህ ላይ ያለው ስብ ለማደንዘዣውም ለቀዶ ጥገናውም አደጋ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕድሜህን በአንድ ኩላሊት ነው የምትኖረው። እህትህን አድናለሁ ብዬ አንተን በሽተኛ አላደርግም።"

"ስንት ጊዜ አለኝ?"

"ጊዜው የአንተ አይደለም፣ የእሷ ነው። ደሟን ለሚያጣራው ማሽን የሚወጋው የደም ሥሯ እየደከመ ነው። በሚቀጥለው ወር ቀንሰህ ካልመጣህ አንተን ትተን ሌላ ሰጪ እንፈልጋለን።"

ሌላ ሰጪ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። አባታቸው ከሞተ ቆይቷል። እናታቸው ደም ግፊት ያለባት አሮጊት ናት። ከዘመድም የተመረመረው ሁሉ አንዱ ደሙ አልገጠመም፣ ሌላው ስልኩን ማንሳት ትቷል።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ ወንድምና እህት ከአንድ ማህፀን የወጡ አይመስሉም። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ ናት፤ እሱ ደግሞ ገና በእግሩ ሳይሄድ ይንከባለል የነበረ ነው። "በርሜሌ" የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት፣ አፏን የፈታች ሰሞን። በኋላ አስተማሪ ሆና፣ ልጆች በቅጽል ስም ሲጠራሩ የምትቆጣዋ አስተማሪ፣ ቤት ስትገባ "በርሜሌ፣ ምን ይዘህልኝ መጣህ?" ነበር ሰላምታዋ። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ሲያቆሙና ከቤተሰቡ ሁሉ የበርሜሉ ኩላሊት ብቻ ሲገጥም፣ እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ደስ ነበር ያለው። ዕድሜ ልኩን ሲሳቅበት የኖረ ገላ ለአንድ ቁም ነገር ተፈለገ።

የመጀመሪያው ወር ቀንቶት ነበር። ጎመኑን ራሱ ይቀቅላል፣ ያሳርራል፣ ያረረውን ይበላል። ሱሪው ሰፋ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ "በዚህ ከቀጠልክ ቀኑን እንቆርጣለን" አለችው። ያን ዕለት ማታ ይህን ለእናቱ ሲነግራት "ከነገ ጀምሮ ምግብህን ለእኔ ተውልኝ" አለች። "ሥራ ውለህ ገብተህ ደግሞ ድስት ስታንኳኳ ማየት አልፈልግም።" እሱም እጇን ሳመ። ከዚያ ወዲህ ግን ክብደቱ ቆመ፤ ቆሞም አልቀረ መልሶ ይጨምር ጀመር። እሱ ሜዳውን ሁለት እጥፍ ቢዞር፣ ደረጃውን ሁሉ በሩጫ ቢወጣ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

ይባስ ብሎ እህቱ ዐይን ዐይኑን ማየት ጀመረች። ምን እያሰበች እንደሆነ ሳትነግረው ገብቶታል። ፈርቷል፤ እምቢ ማለት ስላፈረ ነው እንጂ በሆዱ እየሸሸኝ ነው፣ ብላ አስባለች። በሚዛኑ መዋረዱን ይችለው ነበር። ይህን ግን መቻል አቃተው።

ከሆስፒታሉ እስከ ኬክ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ሥራው ተከምሮ ጠበቀው። ሽርጡን አስሮ ክሬም መታ፣ ስኳር ጨመረ፣ ከዚያም እንደ ልማዱ ማንኪያውን ይዞ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ብቅ አለ። እሱ መቅመስ ካቆመ ጀምሮ የቤቱ ምላስ እሷ ናት።

"ስኳሩ እንዴት ነው?"

ቀመሰች። "ትንሽ ይቀረዋል። አንተ ትከሳለህ ሲሉኝ እኔ ወፍሬ ቀረሁ እኮ። ባሌ ራሱ ምን ተገኘ እያለኝ ነው።"

"እኔስ የት ከሳሁና" አለና ተመለሰ።

ረሃቡ አንጀቱን ሲያጥፈው ምሳውን አስታወሰ። እናቱ ሾርባውን በየቀኑ በሰሃን ከድና፣ በፎጣ ጠቅልላ "ትኩሱን ብላ፤ ሲቀዘቅዝ ደስ አይልም" እያለች ነው የምትሰጠው። እሱም ትኩሱን ነበር የሚበላው። ዛሬ ግን ማለዳ ወደ ሆስፒታል ሲሮጥ በኬክ ቤቱ አልፎ የክሬሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወርውሮት ነው የሄደው። አወጣና ክዳኑን ከፈተ።

ሾርባው የለም። ከላይ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ነጭ ነገር ሰሃኑን ዘግቶታል። በማንኪያ ሲነካው ተሰነጠቀ፤ ምስሩ ከሥር ታየ።

ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እሱ ግን ቆርሶ በጣቶቹ መካከል አሸት አድርጎ ብቻ አወቀው። ሊጡን የሚያሽበት የሚረጋ ዘይት ነው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ ሲሞቅ ውሃ፣ ሲቀዘቅዝ ሻማ። አንድ ባልዲ ሙሉ እናቱ ማድ ቤት መደርደሪያ ሥር አለ፤ ለእህቱ ተማሪዎች ኬክ ሊጋግር ራሱ ነው የወሰደው፣ ሳትታመም በፊት።

መጀመሪያ፣ ተሳስታ ይሆናል አለ። ቀጥሎ፣ ይህን ያህል በስህተት የሚጨምር የለም አለ። ከዚያ በኋላ ያ "ለእኔ ተውልኝ" ያለችበት ማታ ትዝ አለውና የዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ስንት ቀን ነው "እጅሽ ይባረክ፣ የበሽተኛ ምግብ እንዲህ ሲጥም አላየሁም" ያላት።

"ምን ሆንክ?" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ በመስኮቱ።

"ሾርባው ቀዝቅዞ ነው።"

"አሙቀዋ።"

"አይ፣ ይቅር።" ክዳኑን መልሶ በፎጣው ጠቀለለው።

መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን እየደረደረ፣ እየተቆጣ፣ ብቻውን እየተከራከረ ነው ቤት የደረሰው። እናቱ ማድ ቤት ሽንኩርት ትልጣለች። ሰሃኑን ፊቷ አስቀምጦ ከፈተው።

አየችው። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ትኩሱን ብላ አላልኩህም?"

"እማዬ።"

"ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ከማሽኑ መጥታ ጋደም ብላለች።"

"ምንድን ነው ይሄ? ምን አደረግኩሽ እኔ?"

በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ከሰሃኑ ላይ ዐይኗን አላነሳችም። "አባትህ በእግሩ ነበር ሆስፒታል የገባው" አለች። "ለትርፍ አንጀት። ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ ብሎኝ፣ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ።"

"ያ ድሮ ነው፣ እማዬ።"

"ለአንተ ነው ድሮ። ያሉኝ ሁለት ልጆች ናችሁ። አንዷ ዐይኔ እያየ እያለቀች ነው። አንተን ደግሞ፣ ደህናውን፣ ምንም ያልነካህን፣ በገዛ እጄ ቢላዋ ሥር ላስተኛህ? ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ይዘው ገብተው፣ ሁለታችሁም ባትነቁስ?"

"ካልሰጠኋት ትሞታለች። ታውቂያለሽ እኮ።"

"አውቃለሁ።" እንባዋ ሽንኩርቱ ላይ ሲወርድ እንኳ ድምፅዋ አልተለወጠም። "እሷን እምቢ ልላት አልቻልኩም። አንተን እሺ ልልህ አልቻልኩም። ለድስቱ ተውኩት። ማንኪያውን በነከርኩ ቁጥር ይቅር በለኝ እያልኩ ነው።"

ሊጮህባት ፈልጎ ነበር፤ አሁን ግን ሆዱ ባባበት። ቢሆንም ቁጣው ጨርሶ አልወጣለትም፤ የሚያርፍበት አጥቶ እዚያው ደረቱ ላይ ቆመ።

"በርሜሌ?" አለች እህቱ ከወዲያኛው ክፍል። "መጣህ እንዴ?"

እናቱ ቀና ብላ አየችው። "ሂድ ንገራት" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ባጠፋሁት አንተ አትወቀስ። ንገራት።"

እህቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ክንዷ ላይ የማሽኑ መርፌ የተወጋበት ቦታ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከማሽኑ በተመለሰች ቀን ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ድምፅዋም ከሩቅ ነው የሚመጣው።

"ስንት ሆነ?"

"አልቀነስኩም። ጨምሬያለሁ።"

ዐይኗን ጨፍና ገለጠች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ትነግረኛለህ?"

"እሺ።"

"ፈርተህ ነው?"

"አይደለም።"

"ብትፈራ አልቀየምህም። ሰው ነህ፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ግን ልወቀው። እዚህ ተኝቼ የአንተን ሆድ እያየሁ ወር መቁጠር ሰለቸኝ።"

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። እማዬ ናት፣ ብሎ ቢጨርስ ዛሬውኑ ነፃ ይወጣል። አፉን ሊከፍት ሲል ግን እህቱ እግር ላይ የተጣለውን ብርድ ልብስ አየ። ጋደም ስትል እናታቸው ናት ያለበሰቻት። ማሽኑ ሲያንቀጠቅጣት እጇን የምትይዘው፣ ቤት ስትመለስ ገላዋን የምታጥባት እሷ ናት። በሚቀጥለው ጊዜ እህቱ ማሽኑ ላይ ተኝታ፣ ይህች እጄን የያዘች እጅ ናት ዘይቱን የጨመረችው፣ እያለች ልታስብ ነው። ሆዳም ወንድም ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ይቻላል። ይህን ግን እንዴት አድርጋ ትችለዋለች?

"ኬክ እበላ ነበር" አለ።

"ምን?"

"ሥራ ቦታ። መቅመስ ብቻ አይደለም። የሚቆረጠውን ጠርዝ፣ ሳይሸጥ ያደረውን። ሰው ሳያየኝ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"እማዬን ሾርባ እያሠራህ?"

"አዎ።"

"አልነካሁም ብለህ ምለህልኝ?"

"ምያለሁ።"

የፈራ ወንድምን ይቅር ልትል ተዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህኛው ግን አልተዘጋጀችም። "እኔ የምጠጣው ውሃ በጉንጭ እየተለካ" አለች። "ምላሴ እንደ እንጨት ደርቆ ሳድር። አንተ ክሬም።" ከዚያም፣ በርሜሌ በምትልበት ድምፅ ሳይሆን፣ "ሆዳም" አለችው።

"ከዛሬ በኋላ አልነካም። ይህን ብቻ እመኚኝ።"

ወደ ግድግዳው ዞረች። ጀርባዋን እያየ ተቀመጠ። ከሥራ ባልደረባው፣ ከሐኪሟ፣ ከሰፈር ልጅ ብዙ ስም ተቀብሎ አሳልፏል፤ ይህኛው ግን አጥንቱ ድረስ ገባ።

እናቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላየም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ልትናገር ነው። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳትይ አላት በዐይኑ። እሷ ተመልሳ ሄደች።

ባልዲው ከመደርደሪያው ሥር ሲጎተት ሰማ። በመስኮቱ ሲያይ በሁለት እጇ ተሸክማው፣ ቆም እያለች እየተነፈሰች፣ ጓሮውን አቋርጣ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስትሄድ አየ። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው። ከዚያ የፈላ ውሃ ፈሰሰ፤ ድስቱም ለረጅም ጊዜ ሲፋቅ ቆየ።

"ና ወዲህ" አለች በመጨረሻ ከማድ ቤት።

"ምን ፈለግሽ፣ እማዬ?"

"ጎመኑን እጠብልኝ። የምጨምረውን ሁሉ እያየህ ነው ከእንግዲህ የምሠራልህ።"

ተነሥቶ ሄዶ አጠገቧ ቆመ።