ላስቲኩ አይነሳም

አክስቴ ቤት ውስጥ ላስቲክ ያልለበሰ ነገር ቢኖር ምላሷ ብቻ ነው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ በላስቲኩ ነው፤ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል፣ በሙቀት ቀን ደግሞ ጭን ላይ ተጣብቆ ሲነሱ ያስለቅሳል። ሪሞቱ በላስቲክ ነው። የፍሪጁ በር በላስቲክ ነው። ስልኳ ላይ ከፋብሪካ የመጣችው ስስ ላስቲክ ዳር ዳሯ ተጠቅልሎ፣ ውስጧ ፀጉርና አቧራ ይዛ እስከ ዛሬ አለች። «ሲነሳ ያረጃል» ትላለች አክስቴ። እሷ ቤት ምንም ነገር አያረጅም፤ የምናረጀው እኛ ብቻ ነን።

ይህን ያስቀደምኩት ነገሩ ሁሉ የመጣው ከላስቲክ ስለሆነ ነው።

አክስቴ ትንሽ ማተሚያ ቤት አላት። የሰርግ ካርድ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ፣ ባነር፣ የመጣ ሁሉ ይሠራል። እኔ ከትምህርት ጋር በጊዜ ተኳርፈን ከተለያየን ወዲህ የምውለው እዚያ ነው። መጀመሪያ የተሰጠኝ ወረቀት መቁረጫው ነበር። መቁረጫው ከጓሮ በኩል፣ ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለ ብረት ነው፤ እጀታውን በሁለት እጅ እየተጫኑ ካርድ ሲቆርጡ ይዋላል። መስኮት የለውም፣ መቀመጫ የለውም፣ ሽታ ግን አለው። ዲዛይን የምትሠራዋ ልጅ አግብታ ስትሄድ፣ ከኋላዋ ቆሜ ስሰርቅ የከረምኩትን ሙያ ይዤ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ጀርባው የተቀደደ ነው፤ ግን ይሽከረከራል፣ መስኮቱም አጠገቡ ነው። ያንን ወንበር የምወደውን ያህል የምወደው ዘመድ የለኝም።

ችግሩ፣ ወንበሩ ሌላም ወዳጅ አለው። የአክስቴ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ምን እንዳጠና ሲጠየቅ «ሲስተም» ይላል፣ የምን ሲስተም እንደሆነ ያጣራ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ጌም ላይ ስሙ ኮማንደር ስለሆነ እኛም ኮማንደር እንለዋለን። ሱቁ ሲዘጋ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሙሽሮች ሳጋባበት በዋልኩት ኮምፒውተር እሱ ሰው ይገድልበታል። ጠዋት ስመጣ ኪቦርዱ ውስጥ የቺፕስ ፍርፋሪ አገኛለሁ። ከጦር ሜዳው የሚተርፈው ፍርፋሪው ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት አሮጌው ሞኒተር ጭስ ጭስ ሸተተና ጠፋ። አክስቴ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፣ በስሙ እንደምትጠራው ሁሉ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ያለችው ገንዘብ ለአንድ ነው የምትበቃው፣ እሱም ለደህናው አይደለም። ለካርድም ለጌምም የሚሆን ርካሽ ፈልጉ።» ጣቷን አነሳች። «ደግሞ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ሲጋፋ ማየት ሰልችቶኛል። በአዲሱ ስክሪን የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ አሳምሮ ያወጣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ያበላሸ መቁረጫው ይጠብቀዋል።»

ኮማንደር ፈገግ አለ። እኔ መቁረጫው ሸተተኝ።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ግድግዳ ሙሉ ሞኒተር ተደርድሯል፤ ሁሉም ላይ ያው አንድ በቀቀን ክንፉን ይዘረጋል። ሻጩ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በሌላኛው እኛን ይሰማል።

«እናት፣ ይሄ አንድ ቢሊዮን ቀለም ያወጣል።»

«ምን ላደርገው?» አለች አክስቴ። «የእኔ ማሽን ውስጥ ያለው ቀለም አራት ነው፤ አራተኛውም አልቋል።»

ኮማንደር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀረበ። «ስንት ኸርዝ ነው?» ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንቴ እንደሚያድስ መጠየቁ ነው።

«መቶ ስልሳ አምስት።»

ጥሩ ሽቶ እንደሸተተው ሰው ዓይኑን ጨፈነ። «ሪስፖንስ ታይሙስ?»

«አንድ ሚሊሰከንድ።»

«ምንድነው እሱ?» አለች አክስቴ።

«ስታዢው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚታዘዝሽ ነው፣ እማ።»

«ታዲያ አንተን በስንት ሚሊሰከንድ ነው የወለድኩህ? ጠዋት ጠርቼህ ከሰዓት ነው የምትመጣው።»

ሻጩ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። ከዚህ በኋላ ያለው እንዲያመልጠው አልፈለገም።

ኮማንደር ልቡ የቀረው ጎባጣው ስክሪን ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሞ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገባ፣ የምናየው የራስ ቅሉን ጀርባ ብቻ ሆነ። አክስቴ ስክሪኑን ከኋላ ዳሰሰችው።

«ይሄ ጎብጧል።»

«ከርቭ ነው እናት፤ ሆን ተብሎ ነው።»

«ሆን ተብሎም ይሁን ወድቆ፣ ጎብጧል። በጎበጠ ዋጋ ሽጥልኝ።»

ሻጩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር።

እኔ በቀቀኑን አላየሁትም። በቀቀን የትም ያምራል። ከቦርሳዬ ራሴ ያተምኩትን ወይን ጠጅ የሰርግ ካርድ አወጣሁ፣ በፍላሽ የያዝኩትን የዚያኑ ካርድ ፋይል እያስከፈትኩ ከየስክሪኑ ጎን ያዝኩት። ጎባጣው ላይ ወይን ጠጁ ጥቁር ሆነ። ርካሹ ላይ ከፊት ሲያዩት ወይን ጠጅ ነው፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ሮዝ ይሆናል።

«እህቴ፣ የምትገዢው ካርዱን ነው ስክሪኑን?» አለ ሻጩ።

«ስክሪኑን። ግን ከፊት ሌላ፣ ከጎን ሌላ የሆነ ነገር አልፈልግም። በዘመድ ይበቃኛል።»

መጨረሻ ላይ ጥግ የቆመ፣ ማንም ያላየው ዝርግ ስክሪን አገኘን። ከፊትም ከጎንም ወይን ጠጁ ወይን ጠጅ ነው። ጌም ላይ ግን አይሮጥም።

«ሰባ አምስት ኸርዝ» አለ ኮማንደር፣ የሰው መርዶ እንደሚያረዳ። «በዚህ ጠላት ሳላየው ነው የሚገድለኝ።»

«ይግደልህ» አለች እናቱ።

እኔ ትንሽ ሰፋ ቢል እወድ ነበር፣ እሱ ትንሽ ቢፈጥን። ሁለታችንንም እኩል ቅር ያሰኘው እሱ ስለሆነ እሱ ተገዛ። አክስቴን ያሳመናት ግን ሌላ ነው። ሻጩ ካርቶኑን ከፈት አድርጎ አሳያት፤ ስክሪኑ ከነላስቲኩ ነበር።

ሱቃችን ገብተን ሰካነው። ላስቲኩ ወፍራም ነው፣ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ ጥጉ ላይ ለመሳቢያ የምትሆን ቀይ ጆሮ አለችው። ጆሮዋን ስይዝ እጄ ተመታ።

«ላስቲኩ አይነሳም።»

«እቴቴ፣ ሰማያዊ ነው እኮ። ቀለም ያጠፋብኛል።»

«ዋስትና አለው። ብንመልሰው በላስቲኩ ነው የሚቀበሉን።»

«ልንመልሰው ነው እንዴ የገዛነው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽንም ላስቲክ አልብሺው።»

መጀመሪያ ላይ ሙሽሮቹ ሁሉ ከውሃ የወጡ መስለው ይታዩኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት። ዓይን እንደ ተከራይ ነው፤ ሲገባ የማያማርረው ቤት የለም፣ ትንሽ ከቆየ ግን አይወጣም። ላስቲክ መኖሩንም ረሳሁት።

ትልቁ ሥራ ከመንገዱ ማዶ መጣ። ከፊታችን ያለው የውበት ሳሎን ባለቤት ቤቷን አሳድሳ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባነር አዘዘች። ባነሩ ላይ የሚወጣው የራሷ ፊት ነው። ፎቶዋን ስከፍተው ሴትዮዋ ከፍሪጅ የወጣች መሰለችኝ። ቢጫ ጨመርኩላት። አልነቃችም። ቀይ ጨመርኩላት። እንደገና ቢጫ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ደም ያላት፣ የምትተነፍስ ሴት ሆነች።

«በትንሽ ወረቀት አትመን እንየው» አልኩ።

«ቀለም ከሰማይ ይዘንባል?» አለች አክስቴ።

የባነር ማሽን እኛ ጋ ስለሌለ ፋይሉ ሌላ ቦታ ተልኮ ታተመ፣ ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጥተው ሰቀሉት። ጨርሰው ሲወርዱ በራችን ላይ ወጥተን ቆምን።

ካሮት። የጋራዥ በር የሚያክል፣ ፈገግ ያለ ካሮት። ጥርሱ ሳይቀር በቆሎ መስሏል።

«ፊደሉ ቆንጆ ነው» አለ ኮማንደር ቀስ ብሎ። ይህን ሲል እንዴት እንደተደሰተ ብታዩት።

አክስቴ በአገጯ ወደ ጓሮ ጠቆመችኝ፣ ወደ መቁረጫው። ማበጠሪያዬንና ፍላሼን ከመሳቢያው እየሰበሰብኩ ሳለሁ ባለ ሳሎኗ መንገዱን አቋርጣ ስትመጣ አየሁ። መኪና እንኳ አላየችም።

«እህቴ» ብላ ጀመረች አክስቴ፣ «ልጅ ናት፣ እንግዲህ ለልጅ ይቅርታ…»

«ማነው የሠራው?»

የኮማንደር ጣት ወደ እኔ ስትዘረጋ አንድ ሚሊሰከንድ አልፈጀችም።

ሴትዮዋ አፍጥጣ አየችኝ። «ስንት ዘመን ፎቶ ተነስቼ፣ ሁሉም አመድ ነው የሚያደርገኝ» አለች። «እህቶቼ ጎን ስቆም የታመምኩ ነው የምመስለው። አንቺ ግን አየሽኝ። ውጪ ውጡና እዩ፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ እያየኝ ነው።»

እውነቷን ነው፣ ቆመው ያያሉ። ለምን እንደሚያዩ ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ከተወለድኩ ጀምሮ ቃል የዋጥኩት ያኔ ብቻ ነው።

የዋጋ ዝርዝር፣ የስጦታ ካርድ፣ የሁሉም ሠራተኞቿን ፎቶ በዚያው መልክ አዝዛ፣ ቅድሚያ ከፍላ ሄደች። በሩ እንደተዘጋ ኮማንደር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስክሪኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ ጎባጣውን ነበር» አልኩ።

«አጠቃላይ የሲስተሙን ምርጫ ማለቴ ነው።»

አክስቴ ልጇን አየችው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶውን ደግሞ አየችው። ፎቶው በላስቲኩ ነው።

«እንግዲህ ትልቅ ሥራ መጣ» አለች። «የተማረ ይያዘው። አንቺ ለጊዜው ቁረጪለት።»

«ያሳመረ ይቀመጣል ብለሽ ነበር።»

«አሳመርሽ፤ እሰየው። አሁን ቁረጪ።»

እንዲህ ሆነና ባሳመርኩት ሥራ ምክንያት ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ በበሩ ክፍተት ኮማንደርን አየዋለሁ። እናቱ ወረቀት ልትገዛ ስትወጣ ጠብቆ፣ የመጀመሪያ ሥራው ያቺን ቀይ ጆሮ ይዞ መጎተት ሆነ። ላስቲኩ እየተንጫጫ ተላቀቀ።

«ጨለማ ውስጥ ያለው ጠላት አይታየኝም ነበር» አለኝ፣ አጨማዶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እየጨመረው።

ስክሪኑ ላይ የባነሩ ፋይል ተከፍቶ ነበር። ላስቲኩ ሲነሳ ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ካሮት ሆና ቁጭ አለች። ካሮቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው። እሱ ግን አልገባውም፤ ፋይሉን ዘግቶ አዲሶቹን ፎቶዎች ከፈተ።

«ኮማንደር፣ አንድ ነገር ልንገርህ…»

«ሥራሽን ሥሪ።»

ሥራሽን ሥሪ ከተባልኩ ሥራዬን ሠራሁ። ላስቲኩን ግን ከቆሻሻው አውጥቼ ጠቅልዬ ከመቁረጫው ጀርባ አቆምኩት። አክስቴ ተመልሳ የተራቆተውን ስክሪን ስታይ ክው አለች፣ ግን የነካው ልጇ ነው። «ቢያስፈልገው ነው» ብላ አለፈች። የእኔ እጅ የተመታበት ቦታ አሳከከኝ።

እውነቱን ለመናገር ኮማንደር ያወጣቸው ካርዶች ልክ ነበሩ። ሴትዮዋ ሴትዮዋን ትመስላለች፣ ሠራተኞቿም ራሳቸውን። ከሱቃችን እንደዚያ የሰው ፊት የመሰለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። እኔም አሳምሬ ቆረጥኩለት።

ባለ ሳሎኗ መጥታ እሽጉን ፈታች። አንድ ካርድ አንስታ በሩ ላይ ቆመችና ክንዷን ዘርግታ ከባነሩ ጋር አስተያየችው።

«ይቺ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት» አለ ኮማንደር።

«እኔ እዚያ ነኝ» አለች ወደ ግድግዳው እየጠቆመች። «ይሄ ያው አመዱ ነው። ያቺ ልጅ የት ሄደች?»

«ጓሮ ናት፣ እየቆረጠች ነው» አለች አክስቴ።

«ለምን?»

አክስቴ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ምላሷ ላስቲክ ለብሶ ያየሁት በዕድሜዬ አንዴ ነው።

«ቀለሙ እኮ ትክክል ነው» አለ ኮማንደር። «በሲስተም ደረጃ ሲታይ…»

«ልጄ፣ እኔ ትክክል አድርጉኝ አላልኩም።»

በዚህ አለቀ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አንዴ ሙሉ ዙር ዞርኩ፣ ሁሉም እንዲያየኝ። አክስቴ ግን ስክሪኑን ታጠናለች። የነበረው ምንድነው፣ የሌለው ምንድነው ብላ አሰበች መሰለኝ፣ በመጨረሻ ፊቷ በራ።

«ላስቲኩ» አለች። «ቀለሙ ላስቲኩ ላይ ነበር።»

ከመቁረጫው ጀርባ አውጥቼ ሰጠኋት። በሳሙና አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ በማስመሪያ እየገፋች መልሳ ለጠፈችው። መሀሉ ላይ አረፋ ቀርቷል፣ ጥጉ ላይ አንድ የራሷ ፀጉር ገብቷል። «ሲነሳ ነው የሚበላሸው ብዬ ነበር» አለች ወደ ልጇ ሳትዞር። ለእሱ መሆኑ ግን ሁላችንም ገብቶናል።

«ልክ ነሽ እቴቴ» አልኩ።

እኔ ላስቲኩ አያስፈልገኝም። ስንት ቢጫ፣ ስንት ቀይ እንደሚጨመር አሁን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ግን ወንበሩን የሚጠብቅልኝ ላስቲኩ ከሆነ እኔ ማን ነኝ የማነሳው? ካርዶቹን በሙሉ ካሮት አደረግኳቸው። ጥርሳቸውን ብቻ ነጭ አደረግኩ፤ ያን ያህልማ ህሊና አለኝ። አሁን ሞኒተር ሊገዛ ያሰበ የሰፈር ሰው ሁሉ አክስቴን ያማክራል። «ኸርዝ ምናምን ይሉሃል፣ አትስማቸው» ትላለች። «ላስቲክ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ።»

ኮማንደር በጌሙ የሚሞተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ አረፋው ጋ፤ ጠላቱ የሚወጣው ከዚያ ነው ይላል። ቀን ቀን ደግሞ መቁረጫው ላይ ነው። ጠዋት የቆረጠልኝን ካርድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየሁት። አንዱም ቀጥ ያለ የለም፤ ሁሉም ጎብጧል። መልሼ አልሰጠሁትም። ከመጀመሪያውም ልቡ ጎባጣ ነገር ላይ ነበር።