በቀትር የሚመጣው ኮጳኮ

በዛብህ ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው ደስ ብሏት ስላያት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ይል ነበር። እሱ ግን በአንድ ፋብሪካ መጋዘን የጎደለና የተረፈ ዕቃ ሲያስስ የሚውል ሰው ነውና፣ ያልተጠበቀ ደስታም ከየት ገባ ተብሎ መመርመር አለበት ባይ ነው።

ሰርካዲስ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ኦሮምኛውንም ሶማሊኛውንም እንደ አማርኛው ታቀላጥፈዋለች። በዛብህ ግን ከደሴ ተዛውሮ መጥቶ ሲያገባት ቋንቋ ልማር አላለም። ገበያ ወጥቼ ዋጋ መጠየቅ ከቻልኩ ምን ቀረኝ እያለ ዓመታቱን አሳለፈ። ኋላ ጉድ የሠራውም ይኸው ንቀቱ ነው።

ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታቸው እንግዳ አይጠፋበትም። የባል እህት ለሕክምና፣ የባል አጎት ሙቀት ፍለጋ፣ የባል የአክስት ልጅ ደግሞ እንዲሁ ይመጣል፤ ሁሉንም የምታበላ፣ ለሁሉም የምታነጥፍ ሰርካዲስ ናት። በቀትር ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ ቤተሰቡም በየፊናው ሲያንኮራፋ፣ እሷ ሳህን ታጥባለች፤ ሳህኑን እያጠበችም የራቱን ሽንኩርት ታስባለች። በዛብህ ይህን ልብ ብሎት አያውቅም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሳህኑን እንዳለ ትታ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መውጣት ጀመረች። ስትመለስ ፊቷ ወዝ አለው። አንድ ቀን ነጠላዋ ላይ ጥቁር የጊሽጣ ፍሬ ተጣብቆ አየ። እነሱ ቤት ጊሽጣ ከገባ ስንት ጊዜው! ይባስ ብሎ አጎቱ ሊመጡ መሆኑን ሲነግራት፣ "በዚህ ወር አልችልም" አለችው። ቁጣ የለ፣ ለቅሶ የለ፤ አልችልም ብቻ። ከተጋቡ ጀምሮ እሺ ስትል የኖረች ሴት ድንገት እምቢ ካለች፣ ከኋላዋ የልብ ልብ የሚሰጣት ሰው አለ ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

አንድ ረቡዕ ምሳውን በልቶ የተኛ መስሎ ሳለ፣ በስልክ ስታወራ ሰማት። የምታወራው ከቱሪያ ጋር ነው። ቱሪያ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ አብሮ አደጓ ናት፤ ገበያው አጠገብ ያለው ቤቷ እስከ ማታ ባዶ ነው። ሰርካዲስ እንደ ድሬ ሰው ቋንቋውን እያደባለቀች፣ "ዛሬም ኮጳ ኮ! ቁልፉን መስኮቱ ላይ ተይልኝ አቦ" ብላ ሳቀች።

ኮጳኮ! በዛብህ ዐይኑን እንደጨፈነ ደሙ ፈላ። ይሄ ደግሞ የምን ስም ነው? ሾፌር ይሆን? ነጋዴ ይሆን? መልኩን ሳይቀር ሣለው፤ ረዥም፣ ሽቶ የሚያርከፈክፍ፣ ጊሽጣ ገዝቶ የሰው ሚስት የሚያጎርስ።

እሷ እንደወጣች እሱም ተነሣ። ጎረቤታቸው ሉቅማን ባጃጁን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ፣ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ ተኝቷል። ቀስቅሶ ወደ ቀፊራ ንዳ አለው። የደቻቱን ድልድይ ሲሻገሩ ግን ዝም ማለት አቃተው።

"ሉቅማን፣ ኮጳኮ የሚባል ሰው ታውቃለህ?"

ሉቅማን በመስታወቱ አየው። መጀመሪያ አልገባውም ነበር፤ ሲገባው ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ።

"እሱን የማያውቅ አለ እንዴ አቦ! አሁን እንኳ ከሱ ጋር ነበርኩ፤ አንተ ነህ ቀስቅሰህ የለየኸን።"

"ሴት ይወዳል?"

"ሴቱም ወንዱም እሱን ይወዳል። ጊዜ አጥተው ነው እንጂ የማያገኙት።"

በዛብህን ላብ አጠመቀው። ከተማው ሁሉ ሲያውቅ እሱ ብቻ ነው ያላወቀው! ሰርካዲስ ጥላው ብትሄድ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ገና አሰበ። ያለ እሷ ድምፅ ቤቱን ሊያየው ሞከረ፤ አልሆነለትም። እወድሻለሁ ብሏት እንኳ አያውቅም። ፈራ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ፈራ።

የቱሪያ ቤት በር ገርበብ ብሏል። እንዳይሰሙት ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና የጓዳውን በር በረገደው።

ሰርካዲስ ውሃ የተረጨ ሲሚንቶ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ጊሽጣ ትበላለች። ሌላ ሰው የለም። ፍሬውን አፏ ውስጥ ስታዟዙረው ትቆይና መዳፏ ላይ ትተፋዋለች፤ የሚያጣድፋት የለም።

"የት አለ?" አለ በዛብህ፣ ጫማውን ለድብድብ እንደያዘ።

"ማን?"

"ኮጳኮ!"

አየችው። ጫማውን አየች። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"በዛብህ፣ ኮጳ ኮ እኮ በኦሮምኛ ብቻዬን ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ድሬ ኖረህ!"

በዛብህ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። "ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?"

"ጊሽጣ እበላለሁ።"

"ለዚህ ነው እዚህ ድረስ?"

"ቤትማ ምሳ እያቀረብኩ ራት አስባለሁ፤ ራት እያቀረብኩ የነገውን እንግዳ። የምጎርሰው ነገር ምን ምን እንደሚል ጠፍቶኝ ነበር። እዚህ ስሆን እዚህ ነኝ። ይሄ ደግሞ ያስፈልገኛል በዛብህ፤ እንደ ምግብ ያስፈልገኛል።"

ቤትሽ አልጋ የለም ወይ፣ ጥላ የለም ወይ ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። ኮጳኮ ሰው ቢሆን ይደባደበው፣ ይከሰው፣ ከከተማ ያባርረው ነበር። አሁን ግን ሚስቱ የምትሸሸው እሱን ራሱንና ቤቱን መሆኑ ገባው፤ ይህ ከጥርጣሬውም የባሰ አመመው።

"እኔም ልቀመጥ?" አላት በመጨረሻ።

ሰርካዲስ አፏ ውስጥ ያለውን ፍሬ መዳፏ ላይ ተፋችና አሰበችበት። ድሮ ቢሆን ቃሉን ሳይጨርስ እሺ ባለችው ነበር።

"ዛሬ አይሆንም" አለችው፣ በደግ ድምፅ። "ሌላ ቀን እጠራሃለሁ። አሁን በሩን ዝጋልኝ።"

"ከውስጥ?"

"ከውጭ።"

በዛብህ በሩን በቀስታ ዘግቶ መንገዱን ያዘ። ጫማውን እንዳላጠለቀ ያወቀው መሬቱ የውስጥ እግሩን ሲፈጀው ነው።